ማረኩት፣ ማርኩት

በዚያ ቅዳሜ ሚኒባሷ ውስጥ የነበርነው አራት ነን። ስም አልጽፍም፤ የሰፈሩ ሰው በሥራችን ያውቀናል። ከመሪው ኋላ ጋሼ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ ሾፌር፣ የሚኒባሷ ባለቤት፣ እኔ የምኖርባት የሰርቪስ ክፍል አከራይ። ከጎናቸው ልብስ ሰፊው ተቀምጧል፤ ኮልፌ ገበያ ዳር የሚሠራ፣ የተናደደ ሰው የሚያስቅ፣ የሚስቅ ሰው ደግሞ የሚያናድድ። ከኋላ ኤሌክትሪሺያኑ፤ አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ የመኪና መብራትና ባትሪ የሚሠራ፣ ትከሻው የሁለት ሰው ቦታ የሚይዝ፣ ጴንጤ ስለሆነ እኛ ስንጾም የማይጾም። በእሱና በመስኮቱ መካከል ተጣብቄ እኔ። ስልክ እጠግናለሁ። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ የሞቱ ስልኮች እየፈታሁ ለመድኩት። ዓሣ ማጥመድንም የተማርኩት እንዲሁ ነው፣ ከስልክ ቪዲዮና ከራሴ ስህተት። ከእግራችን ሥር ጆንያ ነበር። ጆንያው ባዶ ነው።

ቤት ሆነው የሚጠብቁንንም ልጥቀስ። የጋሼ ባለቤት እትዬ፣ ከደብረ ብርሃን ለእንግድነት የመጡት ታላቅ ወንድማቸው ከነሚስታቸው፣ የስልክ መልእክት የምታነብላቸው የእህታቸው ልጅ። ጊዜው ፍልሰታ ነው። በፍልሰታ ጾም ዓሣ የማይበላበት ቤት አለ፤ የጋሼ ቤት ግን ይበላል፣ እንግዶቹም ከቅዳሴ መልስ ዓሣ እንደሚቀርብላቸው ተነግሯቸዋል።

አሁን ስለ አንዲት ቃል መናገር አለብኝ። ጋሼ በወጣትነታቸው የሠራዊት ካሚዮን ነድተዋል። ዓሣ ሲይዙ «ያዝኩ» አይሉም፤ «ማረኩት» ነው የሚሉት። ትልቅ የያዙ ቀን ስልካቸውን ለእኔ ይሰጡኛል፤ ጣታቸው ወፍራም ስለሆነ ከሚፈልጉት ፊደል አጠገብ ያለውን ይነካል። እኔ «ማረኩት» ብዬ ጽፌ ለእትዬ እልካለሁ። ቃሏ ቤት ስትደርስ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ዘይት ይጣዳል። ሌላ ማብራሪያ ጠይቀው አያውቁም።

የምናጠምደው ከሰበታ ባሻገር፣ አዋሽ ገና ጠባብ በሆነበት ቦታ ነው። እዚያ ነጭ ዓሣ የምንለው፣ ሰፋፊ ቅርፊት ያለው ዓሣ አለ። ክረምት ሲገባ ሽቅብ ወደ ትናንሾቹ ወንዞች ይወጣና እንቁላሉን ይጥላል። ጋሼ ከዚያ ውሃ ክንድ የሚያህል ዓሣ ማውጣት ተራ ነገር የነበረበትን ጊዜ ያወራሉ። እኔ ከእነሱ ጋር መሄድ ከጀመርኩ ወዲህ አብዛኛው የሚወጣው መዳፍ የሚያህል ነው። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ካየሁ በኋላ አንድ ቀን አፌን ከፈትኩ።

«ጋሼ፣ ትልልቆቹን ስለምንወስዳቸው ነው። ትናንሾቹን የሚወልዷቸው እነሱ ናቸው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ላርባቸው?»

«መልሰው ይልቀቋቸው።»

ኤሌክትሪሺያኑ ዘንጉን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ክትፎ አዝዤ፣ አሽትቼ፣ አስተናጋጁን አመስግኜ ልውጣ ነው የምትለው?»

«እኔም ሱሪ ሰፍቼ ስጨርስ ልተረትረው» አለ ልብስ ሰፊው። «ጨርቁም እኮ ነፍስ አለው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቅዳሜው ትንሽ ትንሽ እላለሁ። ከሥራ ቦታዬ ትንሿን ፒንሳ አመጣሁና የራሴን መንጠቆ ጠፍጠፍ አደረግኩት። መንጠቆ ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የሚያፈነግጥ እሾህ አለው፤ ዓሣው አፍ ውስጥ ከገባ በኋላ እንዳይወጣ የሚይዘው እሱ ነው። እሾሁ ከተጨፈለቀ መንጠቆው ሥጋ ሳይቀድ ይወጣል። ዓሣን በደረቅ እጅ መያዝ እንደሌለብንም አሳየኋቸው፤ ቆዳው ላይ ያለው ልጋግ ይገፈፍና ከተለቀቀ በኋላ ይታመማል። እነሱ ያያሉ፣ ይስቃሉ፣ የራሳቸውን በዱላ አናቱን መትተው ጆንያ ውስጥ ይከታሉ። አምባዛ ሲይዙ ደግሞ ቅርፊት ስለሌለው አይበሉትም፣ ግን ወደ ውሃም አይመልሱትም፤ ሣሩ ላይ ወርውረውት እዚያው አፉን እየከፈተ እየዘጋ ይሞታል። ይሄ ሁልጊዜ ይከብደኝ ነበር። ለመብላትም ለመኖርም ያልሆነ ሞት ነው።

ፍልሰታ ሊገባ ሲል ጋሼ ራሳቸው አነሱት። ምናልባት ስለሰለቻቸው ይሆናል።

«በቃ፣ እስከ ፍልሰታ ፍቺ እንሞክረው። ከክንድ የሚበልጥ ይለቀቃል፣ ከዚያ በታች ያለው ይበላል። ከፍቺ በኋላ እናያለን። አንተም እስከዚያ ዝም ትላለህ።»

እስማማለሁ አልኩ። ዝም ማለት አይከብደኝም።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ውሃው እየደፈረሰ ነበር። ላይኛው አገር ሲዘንብ አድሯል። እንግዳ ስላለ ጋሼ ትናንሽም ቢሆን ለአንድ ድስት የሚበቃ ይገኛል ብለው ነበር የወጡት። የመጀመሪያው ዓሣ ዘንጋቸውን ሲጎትት ግን ሁላችንም ትንሽ እንዳልሆነ አወቅን። ብዙ ታግለው ዳር አመጡት። ነጭ ዓሣ ነው፣ ከክንዳቸው በደንብ ይበልጣል። ኤሌክትሪሺያኑ ዱላውን አንስቶ አቀበላቸው።

ጋሼ ዱላውን አልተቀበሉም። ዓሣውን እያዩ ቆዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «ና አውጣው» አሉ።

እጄን ነክሬ ሆዱን ከሥር ስደግፍ ቢጫ ፍሬዎች መዳፌ ላይ ወረዱ። ማሽላ ያህላሉ። መንጠቆውን ነቀልኩ። ጋሼ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡና ዓሣውን ከእኔ ተቀበሉ፤ ፊቱን ወደ ወራጁ አዙረው ያዙት። ጭራው ሲወዛወዝ ለቀቁት። ሲወጡ እንደ ልጅ ይስቁ ነበር።

«አምጣ ስልኩን። ዛሬ ‹ማርኩት› በላት።»

በቀልዱ በጣም ኮሩ። በማረኩትና በማርኩት መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ፊደል አንገት ነው፤ አንዱ ምርኮ ነው፣ አንዱ ምሕረት። እኔም ተጠንቅቄ «ር» መሆኑን አረጋግጬ ላክሁት። ወዲያው ወንዙ ሞልቶ እንጨትና ቅጠል ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ አንድም ዓሣ አልነካልንም።

ወደ ከተማ ስንመለስ ዋናው መንገድ ተዘጋግቷል ስለተባለ በዓለም ባንክ በኩል ዞርን። እዚያ ነው የታገትነው። መንገዱ በአንድ ጎን ተቆፍሯል፣ በሌላው ጎን ውሃ ተኝቷል፣ ከፊታችን አንድ ሲኖትራክ የኋላ እግሩ ሰምጦ ቆሟል። ከኋላ ሌላ መኪና ስለተጠጋን መመለስም የለም። ዝናቡ ስለበረታ መስኮት ዘጋን፤ መስታወቱ በትንፋሻችን ታወረ። የሚኒባሷ ተንሸራታች በር ከውስጥ አይከፈትም፣ እጀታው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ሰው ከውጭ ካልከፈተልን አንወጣም። ኤሌክትሪሺያኑ ትንፋሽ ሲስብ እኔ ወደ መስኮቱ እጠብባለሁ።

ስልክ ጮኸ። እትዬ ናቸው። ጋሼ በስፒከር አነሱት።

«መልእክቱ ደርሶናል» አሉ እትዬ። «ወንድሜ ደስ ብሎታል። ድንቹን ልላጠው ወይስ ዓሣው ለሁሉም ይበቃል?»

ጋሼ እኔን በመስታወቱ አዩኝ። «እ… ትልቅ ነበር።»

«ነበር?»

«ነው። ትልቅ ነው።»

«እንግዲህ ቶሎ ኑ። ዘይቱን ጥጄዋለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ።  ልብስ ሰፊው መስታወቱ ላይ በጣቱ የዓሣ ቅርጽ ሣለ።

«ልጅቷ ማረኩት ብላ ነዋ ያነበበችላቸው» አልኩ።

«ሌላ ምን ብላ ታነባለች?» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «ዓሣ ምሮ የሚያውቅ ሰው አለ?»

«ጋሼ፣ አሁኑኑ ደውለው ቢነግሯቸውስ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ወንድምየው አጠገቧ ተቀምጦ? ያ ሰውዬ ካገባኝ… ከዳረልኝ ጀምሮ ባዶ እጄን የምገባበትን ቀን ነው የሚጠብቀው።»

«ኧረ ማን እንዳገባዎት ይለዩ» አለ ልብስ ሰፊው። ጋሼ አልሳቁም። ሞተሩን አጠፉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ስማ ልጄ። እኔ ቃሌን ጠብቄአለሁ። አየኸኝ፣ በእጄ ነው የለቀቅኩት። ግን ዛሬ ሚስቴ ወንድሟ ፊት ካፈረች፣ ይሄ የመልቀቅ ነገር እዚህችው መኪና ውስጥ ያልቃል። ከእንግዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ጆንያ ውስጥ ነው የምከተው። ስሙን እንዳታነሳብኝ።»

«እሺ ጋሼ።»

«አየር ጤና ስንደርስ ዓሣ ቤት ገብተን ገዝተን እንሄዳለን።»

እዚህ ላይ ነበር ዝም ማለት የከበደኝ። ወሬው ካለቀ በኋላ ከመስኮቱ ሳልዞር ተናገርኩ።

«ከገዛን ያው ነው ጋሼ። የሚመጣው ቅዳሜም ይጠብቃሉ። በለቀቅን ቁጥር እየገዛን ልንገባ ነው? አንድ ቀን ይሰለችዎትና መልቀቁን ይተዉታል።»

«ቁም ነገር ተናገረ» አለ ልብስ ሰፊው። «ማነው ይሄ?»

«ለምን እትዬ ድስት ከመጣዳቸው በፊት ይሄን አላሰብክም?» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። እውነቱን ነው።

ሲኖትራኩን በሰንሰለት ጎትተው ሲያወጡት ዝናቡ አባርቶ ነበር። አየር ጤና ስንደርስ ጋሼ ዓሣ ቤቱ ፊት ለፊት ጥግ ይዘው ቆሙ፣ ወርደው ከውጭ በሩን ከፈቱልኝ። ብር እጄ ላይ አስቀመጡ።

«ሂድና ግዛ። አንተ ነህ ያስለቀቅከኝ። ፊሌቶ እንዳታመጣ፣ ራስ ያለው ይሁን።»

ፍልሰታ ስለሆነ ዓሣ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ነበር። ሰማያዊ ባኞ ውስጥ ቆሮሶዎች ተደራርበው ተኝተዋል። ትናንሽ ናቸው። ጎናቸው ላይ የመረቡ ክር የቆረጠው መስመር ይታያል፣ አንዷ ሆዷ ተቀድዶ እንቁላሏ ባኞው ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ሰልፉ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እያለ ወደ ፊት ይገፋኛል። ዘወር ስል ጋሼ ሚኒባሷን ተደግፈው ያዩኛል። ወደ ፊት ዓሣው፣ ወደ ኋላ ጋሼ። ከፊቴ ሁለት ሴቶች ሲቀሩ የራሴን ስልክ አውጥቼ እትዬ ጋ ደወልኩ። ከእሳቸው ጋር በስልክ አውርቼ አላውቅም ነበር፤ ስለ ውሃና ስለ መብራት እንኳ በር ላይ ነው የምናወራው።

«አቤት ልጄ፣ ደረሳችሁ?»

«አየር ጤና ነን። እትዬ፣ መልእክቱ ‹ማረኩት› አይደለም የሚለው፣ ‹ማርኩት› ነው።»

«ምን አልክ?»

«ረ አይደለም፣ ር ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ዘይት ጥጄ ፊደል ልታስቆጥረኝ ነው?»

«ዓሣውን ጋሼ ማሩት። ለቀቁት ማለት ነው፣ ወደ ውሃው።»

ከድስቱ የዘይቱ ድምፅ ይሰማኛል። 

«ምን አጥፍቶ ነው የማሩት?» አሉ በመጨረሻ።

«ምንም።»

«ምንም ካላጠፋ ምኑን ነው የሚምሩት? በል ስልኩን ለሰውዬው ስጠው።»

«አጠገቤ አይደሉም። እንድገዛ ልከውኝ ነው። የእኔ ሐሳብ ነው እትዬ፣ እኔ ነኝ ያስቸገርኳቸው። እርጉዝ ነበረች።»

ይህችን ቃል ስለ ዓሣ ተናግሬ አላውቅም። እኔ ሁልጊዜ «እንቁላል የያዘ» ነበር የምለው፣ ቪዲዮዎቹ ላይ የሚሉትን ወደ አማርኛ መልሼ። ከአፌ እንዴት እንደወጣች አላውቅም።

«ማን?»

«ዓሣዋ። ስደግፋት እንቁላሏ እጄ ላይ ወረደ።»

«በዓይንህ አይተህ ነው እርጉዝ ናት የምትለው?»

«ጋሼም አይተዋል።»

እትዬ ምድጃውን አጠፉት መሰለኝ፣ የዘይቱ ድምፅ ቀነሰ። «ታዲያ ከመጀመሪያው እርጉዝ ናት አትሉም ነበር?» አሉ። «ማርኩት ማረኩት… በል ምንም እንዳትገዛ። ኑ።»

ባዶ እጄን ስመለስ ጋሼ ከሚኒባሷ ጀርባቸውን አነሱ። ምን እንዳደረግኩ ነገርኳቸው። ብሩን ስመልስላቸው አልተቀበሉኝም፣ በሩን ግን ከፈቱልኝ። ገባሁ። ከውጭ ዘጉት። ከአየር ጤና እስከ ኮልፌ ድረስ በመስታወቱ እንኳ አላዩኝም። የሚያስቡት ገባኝ፣ እኔም እሱኑ ነበር የማስበው። ሚስታቸውን ከእሳቸው ቀድሜ አናግሬአለሁ። ነገሩ ዛሬ ቢያልቅ ያበቃለት በእኔ አፍ ነው።

ሳሎን ስንገባ ወንድምየው ሶፋው መሐል ተቀምጠዋል። ጆንያውን አዩት። ጋሼ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እትዬ ሽሮውን ይዘው ከጓዳ ወጡ።

«ትልቅ ይዞ ነበር፣ እርጉዝ ሆና አገኛት» አሏቸው ወንድማቸውን። «እንዴት ብሎ ያርዳታል?»

ወንድምየው እንጀራውን ሊቆርሱ የዘረጉትን እጅ ያዝ አደረጉ። «እርጉዝማ አይታረድም» አሉ። «እኛስ ጋ ማን ያርዳል?» ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረው፣ «ደግ አድርገሃል» አሉ።

በቃ። ይኸው ነበር። እኔ በስንት ቅዳሜ ስለ ልጋግና ስለ እሾህ ተናግሬ ያልሆነልኝን አንዲት ቃል ጨረሰችው። ጋሼ ወገባቸው ቀና አለ። ዓሣዋን እንዴት እንደያዙ፣ ፊቷን ወደ ወራጁ እንዴት እንዳዞሩ ሁለት ጊዜ ተረኩ፤ እጅ በውሃ መንከር እንደሚገባም እንግዳውን አስተማሩ። ሲጎርሱ እኔን አላዩኝም፣ ግን እትዬ ሽሮ ጨመሩልኝ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከፍልሰታ በኋላ ጋሼ ደንቡን አጸኑት፤ ግን ሌላ ደንብ ሆኖ ነው የጸናው። ክንድ ቀረ። «እርጉዝ አይነካም፣ ሌላው ይበላል» አሉ። ለይቶ የሚናገረውም እኔ ሆንኩ። አንድ ሰው ዓሣ ባወጣ ቁጥር ወደ እኔ ይዞ ይመጣል፣ እኔ እጄን ነክሬ ሆዱን እዳብሳለሁ፣ ሁሉም አፌን ያያሉ። ልብስ ሰፊው «አዋላጁ» የሚል ስም አወጣልኝ፤ አሁን ኮልፌ ገበያ ውስጥ ሳይቀር ስልክ ሊያሠሩ የሚመጡ ሰዎች በዚያ ስም ይጠሩኛል። ትልቅ ዓሣ ሁሉ፣ ሆዱ ባዶም ቢሆን፣ በሚመጣው ክረምት የሚወልድ መሆኑን ላስረዳ ሞከርኩ። «ላልተፀነሰ አንጨነቅም» አሉ ጋሼ። ራሴ ባወጣሁት ቃል ታጠርኩ።

ኅዳር ላይ ውሃው ጠርቶ ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ አንድ ነጭ ዓሣ ያዘ፣ ጋሼ ከለቀቁት የሚበልጥ። መንጠቆውን በፒንሳዬ ነቀልኩለት። ዳር ላይ ተንበርክኮ ውሃው ውስጥ ያዘልኝ፣ እኔ እጄን ከሥር አስገባሁ።

«እሺ አዋላጁ፣» አለ፣ «እርጉዝ ናት?»

ዳበስኩ። መዳፌ ላይ ምንም አልወረደም። ደግሜ ዳበስኩ። ጋሼ ከኋላዬ ቆመዋል። «አዎ» ብል ማንም የሚያጣራ አልነበረም፤ ዓሣዋም ትሄድ ነበር። ግን አንድ ጊዜ ከዋሸሁ ከዚያ በኋላ የምለውን ሁሉ አያምኑኝም፣ እኔም ራሴን አላምነውም።

«አይደለችም» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ምንም የለም። አይደለችም።»

ዱላው ከጎኑ ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ አላነሳውም። ዓሣዋን ውሃ ውስጥ እንደያዛት ቆየ፣ ከሚያስፈልገው በላይ። እኔ ፒንሳዬን ላነሳ ዘወር አልኩ። ስመለስ እጁ ባዶ ነው፣ ውሃውም ጸጥ ብሏል።

«አመለጠችኝ» አለ። ልብስ ሰፊው ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ዘጋው።

እስከዛሬ ስጠይቀው «አመለጠችኝ» ነው የሚለው። እርጥብ እጅ ነው፣ ሊያመልጥ ይችላል። እኔ አላየሁም። ጋሼ ከኋላዬ ነበሩ፣ ልብስ ሰፊው ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያይ ነበር። ጋሼ፣ ልብስ ሰፊው፣ ይሄን የምታነቡ ከሆነ እባካችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ፤ ጣቶቹ ተከፍተው ነበር ወይስ ተጨብጠው?